የተባረከው ዋልያ

ቀኝ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው ሁሉ የጣልያን ጥይት ይመስለዋል። በየሰርጉና በየማኅበሩ «አርበኛ ናቸው፤ ከፍ ይበሉ» ይሉኛል። ድሮ ወዲያው አርማቸው ነበር፤ አሁን ግን ጠላው ሸጋ ከሆነ መጀመሪያ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ነው የማርማቸው። ጣልያን ጎንደር በነበረ ጊዜ እኔ ከአጎቴ ጋር ዋሻ ውስጥ ተደብቄ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነው የከረምሁት። ክንዴን እንዲህ ያደረገው አንድ ቆዳ ነው። ነፍሴን አፋፍ ያደረሳት ደግሞ አንድ ቃል ነው። ከብት ያለው፣ ቆዳ የሚነካ፣ ቅርጫ የሚገባ ሰው ሰምቶ ቢጠነቀቅ ብዬ እጽፈዋለሁ። ጀግንነት የለበትም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈሪ ነበርሁ።

ሥራዬ ብራና መፋቅና መጻፍ ነው። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ጠጉሩንና ስቡን እፍቃለሁ፤ ሲነጣና ሲለሰልስ ዳዊት እጽፍበታለሁ። ጎን ለጎን ለታመመ ሰው ክታብ እጽፋለሁ። ይህን ጎንደር ሁሉ ያውቃል፤ ቄሱም ያውቃሉ፤ ዝም ይላሉ።

ቆዳ የሚያመጣልኝ አያ ተገኘ የሚባል ሰው ነበር። ከደባርቅ ወዲያ፣ ስሜን ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር፣ ፍየል የሚያረባ፣ ሲመቸውም የሚያድን ገበሬ ነው። ያን ዓመት በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ጣል ሲል፣ በጭነት ማኪና ጎንደር ወረደ። አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብለው «እሾኽ ነው» አለኝና ያመጣውን ቆዳ ግቢዬ ውስጥ ዘረጋው። ሰፊ ነው፤ የፍየል ሦስት እጅ ይሆናል። የአንድ ደብር አለቃ ትልቅ ወንጌል አዝዘውኝ ሰፊ ቆዳ አጥቼ እየተቸገርሁ ስለነበር ዓይኔ በራ።

«ይኸ የፍየል አይደለም» አልሁት።

«ዋልያ ነው፤ አውራ። እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?»

«በክት እንዳይሆን ብቻ፣ አያ ተገኘ።»

በክት ማለት ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ነው። ሥጋውን ክርስቲያን አይቀምሰውም፤ በቆዳውም የእግዚአብሔር ቃል አይጻፍም። ስለዚህ ቆዳ በገዛሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ሌላ የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

አያ ተገኘ ተቆጣ። «ምነው! በክት አመላላሽ አደረግኸኝ? ፍየሎቼ ከሚግጡበት ገደል ሥር ወድቆ ሲንፈራገጥ አገኘሁት። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። ከወንድሜ ጋር ገፈፍነው፤ ሥጋውንም በላነው።»

በእኛ አገር «ባረከ» ማለት አረደ ማለት ነው። ባሏ መንገድ የሄደባት ሴት ጎረቤቷን ጠርታ «እስቲ ይህችን ዶሮ ባርክልኝ» ትላለች፤ እሱም አማትቦ ያርድላታል። ዋልያው ከተባረከ ንጹሕ ነው። ቆዳውን ተቀበልሁት፤ አያ ተገኘም ምሳውን በልቶ መረቀኝና ሄደ።

ከሰነበተበት ውኃ አውጥቼ ወጥሬ ስፍቅ መፋቂያው አዳልጦኝ ክንዴን ቧጨረኝ። የዚህ ሥራ ሰው ቧጨራ አይቆጥርም። ጥቂት ቆይቶ በቧጨራው ላይ የትንኝ ንክሻ የምታህል እብጠት ወጣች። ትበላኛለች፤ አካለሁ። በማግስቱ ውኃ ቋጠረች፤ ከዚያ ፈረጠችና መካከሏ ጠቆረ። ከሰል ተሰብሮ ሥጋዬ ውስጥ የተሰካ ይመስል ነበር። የሚገርመው አያመኝም። ጣቴን ባሳርፍበት ደነዝ ነው። ሕመም ስለሌለው ናቅሁት፤ እናንተ ግን እንዲህ ያለ የማያም ጥቁር ቁስል ካያችሁ ከሚያመው ይልቅ ፍሩት።

ባለቤቴ እማዋይሽ «ብጉንጅ ነው፤ ይብሰል» አለች። የሰፈራችን ወጌሻ መጥቶ አየውና በስሏል ብሎ በምላጭ ሰነጠቀው። መግል የለም፤ ቀጭን ውኃ ብቻ ወረደ። ወጌሻው ምላጩን ጠርጎ «ይኸማ ሌላ ነው» አለና ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ወጣ። ማታውን ክንዴ አበጠ። በሚቀጥለው ቀን የእጀ ጠባቤ እጅጌ አልገባ ብሎ እማዋይሽ በመቀስ ቀደደችው።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች ነው ብሎ ቅጠል ጨምቆ አመጣ። አንዱ የሰው ዓይን ነው ብሎ ማን እንዳየኝ ሊያስለፈልፈኝ ጭስ ሊያጨስብኝ ፈለገ፤ ከቤቴ አስወጣሁት። አንዲት ክታብ ጽፌላት የነበረች ጎረቤት ደግሞ መጥታ አልጋዬ ሥር ቁጭ አለችና፦

«መሪጌታ፣ ለሰው የሚጽፉትን ለራስዎ ይጻፉ እንጂ!»

ሳቅሁ። ከዚያ ብርዕ አምጪልኝ አልኋት እማዋይሽን። ጣቶቼ እንደ ቋንጣ ደርቀው አልታጠፍ አሉ፤ ብርዑ ወደቀ። አንድ ፊደል እንኳ አልወጣልኝም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ይህ እጅ ከሄደ እኔ ምን ነኝ? መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ ከአንዲት በቅሎ በቀር ያለኝ ሦስት ጣት ነው።

ጠበል ወሰዱኝ። የጠበሉን ነገር አላቃልልም፤ የዳነበትን አውቃለሁ። ግን በዚያ በዝናብ ቀዝቃዛ ውኃ እየወረደብኝ ጥርሴ ሲንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ከውስጥ ሲያነደኝ፣ እብጠቱ ብብቴን አልፎ ወደ ደረቴ ተሳበ። ሌሊት ተኝቼ መተንፈሴን እየሰማሁ አልነጋ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ እማዋይሽ «ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ እንሂድ፤ እግዚአብሔር እሱንም ፈጥሮታል» አለች። ሲጨንቃት ሃይማኖቷ ይሰፋል።

የሐኪም ቤቱ በረንዳ በሰው ሞልቶ፣ ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ እየወረደ እግራችንን ይመታል። እንደ እኔ ያለ ምስኪን ሁሉ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። አንድ የሚያስላቸው ሽማግሌ ክንዴን ሳቅፈው አይተው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉና ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። «እዚህ ላይ አሳርፈው ልጄ» አሉ። እሳቸው ራሳቸው በብርድ እየተንዘፈዘፉ ነው። እንቢ ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሐኪሙ ረዥም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። የሚያስተረጉምለት ድሬሰር አለ፤ ቁስል የሚያጥበውም መርፌ የሚወጋውም እሱ ነው፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም። ሐኪሙ ክንዴን ገልብጦ ብዙ አየና አንድ ነገር ጠየቀ።

«የሞተ እንስሳ ነክተዋል ወይ ይላል» አለኝ ድሬሰሩ።

ደሜ ፈላ። በሽተኛ ብሆንም ሰው ነኝ። «በክት? እኔ? ይህ እጅ ዳዊት የሚጻፍበት ነው! ንገረው፦ እኔ የምነካው ሁሉ የተባረከ ነው!»

ድሬሰሩ አጭር ቃል ተናገረ። ሐኪሙ ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። የሚታሽ ቅባት ሰጥተው፣ ንጹሕ ጨርቅ አስረው ሸኙኝ። ድሬሰሩ ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ያለው «የሚነካው ነገር ሁሉ ቡራኬ አለው ይላል» ነው። ፈረንጁም ሃይማኖተኛ ሰው ገጠመኝ ብሎ አለፈው። እኔ እውነቱን ተናገርሁ፤ እሱ እውነቱን አስተረጎመ፤ ሐኪሙም የሰማውን አመነ። ማንም ሳይዋሽ ሞቴ ተፈረደ።

እኔማ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስሁት። ፈረንጁ ፈገግ ካለ ቀላል ነው አልሁ። በሦስተኛው ቀን አንገቴ ከትከሻዬ ጋር አንድ ሆነ። ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። እማዋይሽ ትራስ ከጀርባዬ ደርድራ እያስደገፈች፣ ውኃ በማንኪያ ስታንጠባጥብልኝ፣ ፊቷን አየሁት። ሰው የሚቀበርበትን ቀን የሚያስብ ፊት ነበር። ልጆች የሉንም፤ ከሞትሁ ብቻዋን ናት። ይህን እያሰብሁ እንባዬ ሲወርድ እሷ የትኩሳቱ ላብ መስሏት ጠረገችልኝ።

ቅዳሜ ገበያ የወጣችው ገብስ ልትገዛ ነው፤ ለአጥሚት። የደባርቅ ነጋዴዎች ባየች ጊዜ «አያ ተገኘን ብታገኙት ወዳጅህ ሊሞት ነው በሉት» አለቻቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አያ ተገኘን? ምነው አልሰማሽም? ቀብረነው መጣን እኮ!»

«በምን?»

«በዚያች በጣቱ ቁስል። ጠቁራ ጠቁራ ክንዱን ነፋችው። ዋልያውን አብሮት የገፈፈው ወንድሙም አንገቱ አብጦ በሳልስቱ ተከተለው። ፍየሎቹማ ከእነሱ በፊት ነው ያለቁት።»

እማዋይሽ ገብሱን ከነቁናው መሬት ላይ ትታ ሮጠች። እኔ ወዳለሁበት አልመጣችም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ ነው የሄደችው። በረንዳ ላይ ያለው ሰው «ተራ አለ!» ብሎ ጮኸባት። «የእኔ ተራ መቃብር ነው፤ አሳልፉኝ!» አለችና በሩን ገፍታ ገባች። ድሬሰሩን ነጠላዋን እየጎተተች... አይደለም፣ የእሱን ነጭ ካፖርት ነው የጎተተችው፤ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቋል።

«ባሌ በክት አልነካሁም ያለው እውነቱን ነው» አለችው። «ዋልያው ታርዷል። ግን ጤነኛ ሆኖ አይደለም የታረደው! ሊሞት ወድቆ ሳለ ነው የባረኩት። ያረደው ሞቷል፣ የገፈፈው ሞቷል፣ ቆዳውን የፋቀው ቤቴ ተኝቷል። ይኸን ንገረው። እንደነገርሁህ ንገረው!»

ድሬሰሩ ሲያስተረጉም የሐኪሙ ፊት እንደተለወጠ ደጋግማ ነግራኛለች። ብዕሩን አስቀመጠና ተነሣ። ድሬሰሩም ወደ እሷ ዞሮ «አባ ሰንጋ ነው» አላት።

አባ ሰንጋን ባላገር ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ጠዋት ደኅና ያደረውን በሬ ቀትር ላይ የሚጥል በሽታ ነው። እኔ የማላውቀው የዱር አውሬውንም፣ ፍየሉንም፣ ሰውንም በአንድ መስክ እንደሚያጭድ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ መርዙ በታመመው እንስሳ ደም ውስጥ ነው። ደሙ ሲፈስ አፈሩ ውስጥ፣ ጠጉሩ ውስጥ፣ የደረቀ ቆዳ ውስጥ ተደብቆ ብዙ ዘመን ይቆያል። በቧጨራ ከገባ እንዲህ ያጠቁራል፤ ሥጋውን ለበላ ደግሞ ከሆድ ይጀምራል። ቢላዋው ቢባረክ፣ አራጁ ቢያማትብ፣ ለመርዙ ደንታው አይደለም።

የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሰኝ። በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ አዲስ ነበር፤ በጥቂቱም ነው የሚገኘው። በቅሏችን ተሸጣ ዋጋዋ ለዚያ መርፌ ዋለ። መርፌውን ቀንና ሌሊት ይወጉኛል፤ እኔ ግን ስወጋ አላውቀውም፤ ነፍሴ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሐኪሙ እማዋይሽን ወደ ውጭ ጠርቶ ሲያነጋግራት አየሁ። ተመልሳ ስትገባ የንስሐ አባቴ አብረዋት ነበሩ። ጉዳዩ ገባኝ።

አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ጀመሩ። አንደበቴ እየተጎተተ ተናዘዝሁ። ልጨርስ ስል እማዋይሽ ከግድግዳው ሥር ተነሥታ፦

«ምነው አባ፣ ቶሎ አያስጨርሱት! ንስሐውን ከጨረሰ ይሄድብኛል። ትንሽ ኃጢአት ያስተርፉለት!»

አባ ደነገጡ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የተወደድሁበት ቀን አላስታውስም። መሞት አልፈልግም ብዬ በሙሉ ድምፄ ልጮኽ ፈለግሁ። እጇን ያዝሁ፤ በግራዬ።

መቼ እንደተሻለኝ አላውቅም። አንድ ጠዋት ነቅቼ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል «ራበኝ» የሚል ነው። አጠገቤ የተኛው እግሩ የተሰበረ ወታደር ከሚስቱ የመጣለትን ሾርባ በራሱ እጅ አጎረሰኝ። ድሬሰሩ መጥቶ አየኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ነው ስለ ቡራኬው የነገረኝ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ። ምን ይቅር እለዋለሁ? በስሜንም በጎንደርም «ባረከ» መመረቅም ማረድም ነው፤ እሱ አንዱን ተረጎመ። አብረን ሳቅን፤ ስስቅ አንገቴ አመመኝ። ሕመም ሲሰማኝ ደስ አለኝ።

ከሰሉ ቅርፊት ብዙ ቆይቶ ወደቀ፤ ጉድጓዱ ቀረ። ቆዳውን ከነመወጠሪያው አቃጥለውታል። አለቃው ወንጌላቸው በመዘግየቱ ተቀይመውኛል፤ ይቀየሙ። አሁን ቆዳ ሊሸጥልኝ ለሚመጣ ሰው ታርዷል ወይ ብዬ አልጠይቅም። «ሲታረድ በእግሩ ቆሞ ነበር ወይ? በመንጋው የሞተ አለ ወይ?» እላለሁ። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁም «የወደቀ እንስሳ ነክቻለሁ» በሉ፤ መታረዱንና አለመታረዱን ተዉት።

የአያ ተገኘ ተዝካር ክረምቱ መንገድ ስለዘጋ ለመስከረም ተላልፎ ነበር። ክንዴን በጨርቅ አንግቤ ሄድሁ። ማኪናው ኮሶዬ ላይ በጭጋግ ቆሞ፣ ከደባርቅም በኋላ በእግር ተጉዤ ደረስሁ። የሟች ሚስት ተቀበለችኝ፤ ባሏንና ዋርሳዋን በአንድ ሳምንት የቀበረች ሴት ናት። ለተዝካሩ የሚታረደው በሬ፣ የቀራት አንድ በሬ፣ ከቤቱ በላይ ካለው መስክ ላይ ነበር።

ገና እግሬን ሳልታጠብ ከመስኩ ጩኸት ተሰማ። በሬው ተንገዳግዶ ወድቋል። ካፍንጫው ደም ይወርዳል። ወንዶቹ ሁሉ ሮጡ፤ «ቢላዋ! ቢላዋ አምጡ! ነፍሱ ሳትወጣ ባርኩት!»

እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፤ ከሁሉም ቀድሜ ከበሬው ፊት ቆሜያለሁ።

«አትባርኩት! ተዉት ይሙት!»

የሟች አጎት ቢላዋውን እንደያዙ ቆሙ። «ምነው መሪጌታ! እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። የሙት ቤት በሬ በክት ሊሆን ነው! ዞር ይበሉ!»

«በክት ይሁን! በክት ከሆነ አንዳችሁም አትነኩትም። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ በክት ይሁን!»

ሰዉ አበደ ብሎ ተመለከተኝ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻዬን ያዙኝ። በዚህ መካከል ሚስቲቱ እየገፋች መጣችና «ክንድዎን ያሳዩኝ» አለች። ጨርቁን በጥርሴ ፈታሁት። ጉድጓዱን፣ ዙሪያውን የጠቆረውን ቆዳ ለረዥም ጊዜ አየችው።

«የእሱም ጣት እንዲህ ነበር» አለች።

ከዚያ ዞራ ቢላዋውን ከአጎትዬው እጅ ወሰደችና ቀሚሷ ሥር አድርጋ ሣሩ ላይ ተቀመጠችበት። ማንም ሊያስነሣት አልደፈረም። በሬው ቶሎ አልሞተም። ያጓራል፣ እግሩን ያወራጫል፣ መሬቱን በሰኮናው ሲያርሰው በዓይናችን እያየን ነው፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች። እኔ በልቤ ቶሎ ሙት፣ ቶሎ ሙት እለዋለሁ። በመጨረሻ ጸጥ አለ።

«በክት ነው» አሉ አጎትዬው፤ ምራቃቸውን ተፍተው ፊታቸውን አዞሩ። የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። በገመድ ስበን፣ እጃችን ሳይነካው፣ ከነቆዳው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተን ድንጋይ ጫንበት።

የአያ ተገኘ ተዝካር በሽሮ ወጥ ወጣ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ቢሆንም በላ። በበነጋው ሁሉም ወደየቤቱ በእግሩ ሄደ።